የእናቴ እጅ በችሎት ፊት

ለእማዬ፣ ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ቤትሽ ይግባ።

እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃውን ስትወጪ መሐል ላይ ቆም ብለሽ «ትንሽ አየር ልውሰድ» ማለቱ ቀርቷል ወይስ ብሶብሻል? የዓይን ሐኪሙ ያዘዘልሽን መነጽር ታደርጊዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «እንዳይጫጫር» ብለሽ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈሽበታል? አፈር ስሆን አድርጊው፤ ይህ ደብዳቤ ረዥም ነው፣ ጽሕፈቴም እንደምታውቂው ደቃቅ ነው። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የፊት ፀጉሬ ወደ ኋላ መሸሹን ካልቆጠርነው የጎደለብኝ የለም። ባለቤቴም ደህና ናት። ልጃችን ትከሻዬ ላይ ደርሳለች፤ ምላሷ ግን ከቁመቷም ይበልጣል፣ ከማን እንደወረሰችው አንቺ ታውቂያለሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ደውዬልሽ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ብርዱና ስለ ጉልበትሽ ጠይቄሽ ዘጋሁት። በስልክ ብጀምረው ገና ድምፄ ሲሰበር «ተወው ልጄ፣ ያለፈ ነገር ነው» ትዪኛለሽ፤ እኔም ደስ ብሎኝ እተወዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጪኝ አትችይም።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ የደረሰኝ የዛሬ አሥር ቀን ነው። እህቴን ሃያ ዓመት ከተቀመጠችበት ከክሊኒኩ ሪሴፕሽን አንስተው ምድር ቤት ካርድ ክፍል እንዳስገቧት፣ በእሷ ቦታ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ እንዳስቀመጡ፣ አስተዳዳሪውም «በር ላይ ወጣት ፊት ይሻላል» እንዳላት ጽፈሽልኛል። ተስማምቻለሁ ብላ የምትፈርምበት ወረቀትም ሰጥተዋታል። እሷ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄዳ አቤት ማለት ፈልጋ ነበር፤ አንቺ ከለከልሻት። የጻፍሽውን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «እኔም በጊዜዬ አቤት ብዬ አይሆንም ተብያለሁ፤ ከውርደት በቀር ምንም አላተረፍኩም፤ አንቺም አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ አልኳት» ብለሻል። እማዬ፣ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ምግብ አይወርድልኝም። ከላይ እበላለሁ፣ እተኛለሁ ያልኩሽ ለሰላምታ ያህል ነው።

ለእህቴ ያኔውኑ ደውዬ እንዳትፈርሚ አልኳት። እስካሁን አልፈረመችም፤ አቤቱታውን ግን እማዬ ካልፈቀደች ንቅንቅ አልልም አለችኝ፣ ታውቂያታለሽ። እናንተ ጋ ያለ የሥራ ጓደኛዬን ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ አቤቱታ ማቅረብ የሚቻለው ከቦታዋ ከተነሳችበት ቀን ጀምሮ እስከ ሦስት ወር ነው። ከዚያ ውስጥ የቀራት ሃያ አንድ ቀን ነው። ይህ ደብዳቤ በፈጣን ፖስታ አምስት ቀን ይወስዳል። እንግዲህ ነገሩ ያለው በአንቺ አንድ ቃል ላይ ነው፤ አንቺ ያን ቃል እንድትሰጪ ደግሞ እኔ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። በአንድ ጊዜ አልወጣ ስለሚለኝ ከሥራዬ ልጀምር፣ ታገሺኝ።

አንቺ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ተከሳሾችን ነው የሚያድን» እያልሽ ትናገሪያለሽ። ባለፈው ስመጣ ባለሱቋ ሁለት እጄን ይዛ «የድሃ ጠበቃ፣ ተባረክ» ስትለኝ አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። እማዬ፣ የእኔ ተከሳሾች ፋብሪካዎች፣ ሆቴሎች፣ ሆስፒታሎች፣ የአውቶቡስ ድርጅቶች ናቸው። ድሆቹ ከሳሾቹ ናቸው። አንዱ ማሽን ጣቱን ቆርጦት ይመጣል፤ አንዷ አርግዛ ስለተገኘች ከሥራ ወጥታ ትመጣለች፤ ሌላው በዕድሜዬ፣ በዘሬ፣ በአካሌ ጉዳት አበላለጡኝ ብሎ ይመጣል። እኔ የምቀመጠው በዚያኛው ጠረጴዛ፣ በድርጅቱ በኩል ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያላረምኩሽ ጊዜ አጥቼ አይደለም። ስትኮሪብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራው ራሱ ነውር ነው እያልኩሽም አይደለም። የውሸት ክስም አለ። ያላደረገውን አደረግህ ተብሎ ስሙ የጠፋ አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ ተከራክሬለት ነጻ ሲወጣ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ሕፃን አልቅሷል። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እያፏጨሁ ነው። ድርጅትም ቢሆን የሚናገርለት ሰው ያስፈልገዋል። እኔን ያሳፈረኝ አሠራሬ ነው።

ቢሮ ውስጥ የሚጠሩኝ ሶፍት እያሉ ነው። ሳቂ፣ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ከሳሾችን የምንጠይቅበት ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ ሞላላ ጠረጴዛ፣ ስድስት ወንበር፣ የማይከፈት መስኮት። ጥያቄ ከመጀመሬ በፊት አንድ እሽግ ሶፍትና አንድ ብርጭቆ ውሃ ከሳሹ ፊት አስቀምጣለሁ። ሌሎቹ ጠበቆች ይጮኻሉ፣ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አይዞሽ፣ አትቸኩዪ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» እላለሁ። የተጮኸበት ሰው አፉን ይዘጋል፤ አይዞህ የተባለ ሰው ግን ያልተጠየቀውን ሁሉ ያወራል። አንዲት ሴት አፍንጫዋን እየጠረገች «እውነት ለመናገር አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፣ አንዳንዴ ይስቅልኝ ነበር» አለችኝ። ያቺን አንድ መስመር ይዤ ክሷን እንዳልነበረ አደረግሁት። ይህን አነጋገር የት ተማርኩት ብዬ አስቤ አውቃለሁ። ካንቺ ነው። ትኩሳት ሲይዘን ግንባራችንን እየዳሰስሽ ምን እንደበላን የምታወጣጪን በዚያ ድምፅ ነበር።

እህቴ ፊት የቀረበውን ወረቀት ሳላየው ምን እንደሚል ነግሬያታለሁ። መሐሉ ላይ «በራሴ ጥያቄ» የሚል ቃል ፈልጊ አልኳት። ፈለገች፣ አገኘች። እንዴት አወቅህ ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ያንን ቃል ስንት ወረቀት ላይ እንደሰካሁት ብትቆጥሪው ትደክሚያለሽ።

አሁን ወደ እጅሽ ልምጣ። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የአንድ ካርቶን ፋብሪካ ጉዳይ ያዝኩ። ከሳሿ ከእህቴ ጥቂት ብትበልጥ ነው። ካርቶን የሚቆርጠው ማሽን የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ወስዶባታል። ታክማ ስትመለስ ለአንድ እጅ የሚሆን ሥራ የለንም ብለው አሰናበቷት። ክሷ ሁለት ነበር፤ ለጉዳቴ ኃላፊ ናችሁ የሚልና በጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ፈጽማችሁብኛል የሚል። የመጀመሪያውን እንደምንሸነፍ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሁለተኛውን ግን አለቃዬ፣ የቢሮው ባለቤት፣ በምንም ዓይነት እንዳትሸነፍ አለኝ፤ እሱ ካለፈ ከኋላዋ አሥር ሠራተኛ ተሰልፎ ይመጣል።

በመጨረሻው የክርክር ቀን የያዝኩት ነገር ሁሉ ሳሳብኝ። ዳኛዋ እንዳላመነችኝ ፊቷ ይናገራል። ያን ጊዜ፣ ሳላስበው፣ አንቺን ጠራሁሽ። «ክብርት ዳኛ፣ እናቴ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ትተኩስ ነበር» አልኩ። የመተኮሻው ማሽን ቀኝ እጅሽን ይዞ እስከ አንጓው እንዳቃጠለው፣ ሲድን ሦስቱ ጣቶችሽ እንደተጣበቁ ተናገርኩ። እስከዚህ እውነት ነው። ቀጥዬ ግን «እናቴ አንድም ቀን አላማረረችም፤ ማንንም አልከሰሰችም፤ በቀረላት እጅ ሠርታ አሳደገችን፤ መሥራት የሚፈልግ ሰው ይሠራል እንጂ ፍርድ ቤት አይመላለስም» አልኩ። እንባዬ መጣ። የማስመሰል አልነበረም እማዬ፣ ያ ነው የሚብሰው፤ ከልቤ ነው ያለቀስኩት። ዳኛዋ ብዕሯን አስቀምጣ ሰማችኝ። የሴትየዋ ምስክሮችም ደካሞች ነበሩ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የአድልዎው ክስ ውድቅ ሆነ።

ውሳኔው የተነበበ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ሴትየዋ ወደ እኔ ስትመጣ አየሁ። አሁን ትሰድበኛለች ብዬ ፋይሌን ደረቴ ላይ አቅፌ ጠበቅኳት። አልሰደበችኝም። «እናትህ እጃቸው አሁን እንዴት ነው? ሲበርድ አይጠዘጥዛቸውም? የእኔማ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ምን ይቀቡት እንደሆነ ልጠይቅህ ብዬ ነው» አለችኝ። የምሯን ነው። እኔም ደህና ናት፣ ደህና ናት ብዬ ሹልክ አልኩ። እማዬ፣ ሲበርድ ይጠዘጥዝሽ እንደሆነ አላውቅም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። ለሰው ሁሉ ሶፍት አቅራቢው እኔ!

ያኔ ብነግርሽ ጥሩ ነበር። አልነገርኩሽም፤ ይልቅ ለማዕረግ በቃሁ። አለቃዬ ክፍል ውስጥ «መድኃኒት ቤት» የምንለው የብረት ካቢኔት አለ። ክርክር ያሸነፈ ንግግር ሁሉ እየተተየበ እዚያ ይገባል፤ ጠበቆቹ እንደየሕመሙ እየፈለጉ ያወጣሉ። አንዱ ፎልደር «እርግዝና» ይላል፣ አንዱ «ዕድሜ» ይላል፣ አንዱ «ጀርባ» ይላል። አንቺን «እጅ» የሚለው ውስጥ ከተቱሽ። እኔም እያየሁ ዝም አልኩ፤ እንዲያውም የታይፒስቷን የፊደል ስህተት አርሜያለሁ።

ባለፈው ወር የሆነው እንዲህ ነው። የአንድ ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ሠራተኛ ኬሚካል ሁለት እጁን በልቶት ከሰሰ። ዋናው ተከራካሪ ከረባት የምንለው ባልደረባዬ ነው፤ በየቀኑ የሚቀያይረው ከረባት ስላለው ነው እንዲህ ያልነው። እኔ አጠገቡ ረዳት ሆኜ ተቀምጫለሁ። ችሎቱ ያው ችሎት፣ ዳኛዋም ያቺው ዳኛ ናት። ከረባት ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ክብርት ዳኛ፣ እናቴ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ትተኩስ ነበር» አለ።

መጀመሪያ ጆሮዬን አላመንኩትም። ቀጠለ። ማሽኑ፣ እጁ፣ አንጓው፣ ሦስቱ ጣቶች፣ አንድም ሳያስቀር። ይባስ ብሎ እየዘፈነች ነበር የምትተኩሰው ብሎ ጨመረበት። አንቺ! በልጅሽ ሠርግ እንኳ አፍሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ ያጨበጨብሽ ሴት! እጅጌውን ልጎትተው አሰብኩ፤ አልጎተትኩትም። ዳኛዋ የራሷ ማስታወሻ ደብተር አላት። ከረባት ንግግሩን ሳይጨርስ ደብተሯን ወደ ኋላ ትገልጥ ጀመር፤ ገለጠች፣ ገለጠች፣ አንድ ገጽ ላይ ቆመች። ከዚያ ቀና ብላ «እናንተ ወንድማማቾች ናችሁ እንዴ?» አለች።

ችሎቱ በሳቅ አውካካ። ጸሐፊው ሳይቀር ሳቀ። ከረባት ፊቱ አመድ መሰለ፤ የባልደረባዬ እናት ናቸው፣ ለምሳሌ ያህል ነው የጠቀስኳቸው እያለ ተንተባተበ። ዳኛዋ ግን አልሳቀችም። እንግዲያው እውነተኛ ልጃቸውን ልጠይቅ አለችና እኔን አስነሳችኝ። እናትህ ከተቃጠለች በኋላ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለዳኛ መዋሸት አይቻልም፤ ለዳኛ ሳይዋሹ ውሸት መናገር ነው እኔ የለመድኩት፣ ይህ ግን ቀጥታ ጥያቄ ነበር። አልተመለሰችም አልኩ። በአሥራ አራተኛው ቀን አሰናበቷት አልኩ። አላማረረችም ብለህ ነበር፣ አቤቱታም አላቀረበችም አለችኝ። አቅርባለች አልኩ፤ ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እጇ ታስሮ ስለነበረ አልኩ። ምን መልስ ሰጧት አለችኝ።

አላስታውስም አልኩ።

ዳኛዋ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ችሎት የማንም እናት እንዳትጠራ ብላ ወደ ማስረጃው አለፈች። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ኮሪደር ላይ ሊመታኝ ምንም አልቀረው። ከረባት ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ነስቶኛል። አለቃዬ ዕረፍት ውሰድ አለኝ፤ ዕረፍቱ መመለሻ ይኑረው አይኑረው አልነገረኝም። ባለቤቴ የሰማችውን ሰምታ «ጎሽ፣ እውነቱን ተናገርክ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ወይ ነዶ! መሬት ብትውጠኝ ነበር የሚሻለኝ። ግማሹን ብቻ እንደተናገርኩ እሷም አታውቅም፤ ከአንቺ በፊት ማንም እንዲያውቅ አልፈለግኩም።

አስታውሳለሁ እማዬ። አንድም ነገር አልረሳሁም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ፣ የታሰረ እጅሽን ትራስ ላይ አሳርፈሽ፣ እየተናገርሽ አጻፍሽኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የማሽኑ መከላከያ ክዳን ከተሰበረ ሁለት ወር እንደሆነውና ለአለቃሽ ሁለት ጊዜ እንደነገርሽው አጻፍሽኝ። ሦስት ጊዜ ሄደሽ ሥራሽን እንደለመንሽ አጻፍሽኝ። የልብሴን ቁልፍ መቆለፍ አልችልም፣ የምታጥበኝ ልጄ ናት የሚለውን መጀመሪያ ተይው ብለሽ ነበር፤ ኋላ «ግድ የለም ጻፈው፣ ይወቁት» አልሽ። አሳምረህ ጻፈው አልሽኝ፤ ሁለት ገጽ ሙሉ አሳምሬ ጻፍኩት። ሳነብልሽ ዓይንሽ እንባ አቀረረና እንዲህ የሚጽፍ ልጅ ጠበቃ ነው የሚሆነው አልሽ። ይህ ሥራ በአፍሽ የተሾምኩበት ነው።

በማግሥቱ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ እንዳስገባልሽ ላክሽኝ፤ ቢሮው ግቢ ውስጥ ወረፋው ረዥም ነበር። በመስኮቱ በኩል ያለው ሠራተኛ አቤቱታውን እየተቀበለ መዝገብ ላይ ሲያሰፍር ጮክ ብሎ ያነብባል። ክፋት አልነበረውም፣ አነባበቡ ነው። ከእኔ ፊት የነበረው ሰውዬ ከመሰላል ወድቆ ነበር፤ የት የት እንደተላጠ ሲነበብ ሰዉ ሳቀ። ወደ ኋላ ዞር ስል ከእኔ በሁለት ሰው ርቀት የክፍሌ ልጅ ከአባቷ ጋር ቆማለች። ያን ዓመት ዓይኔን ከእሷ ላይ መንቀል ያቃተኝ ልጅ ናት። አየችኝና ፈገግ አለች። አሁን ያ ሰውዬ ጮክ ብሎ የምታጥበኝ ልጄ ናት ይላል፣ እሷም ትሰማለች ብዬ አሰብኩ። እማዬ፣ በአንቺ አፈርኩ። በተቃጠለ እጅሽ አፈርኩ፣ በቁልፍሽ አፈርኩ። መስኮቱ ጋ ለመድረስ አንድ ሰው ሲቀረኝ ከወረፋው ወጣሁ። ድልድዩ ሥር ሄጄ ሁለቱንም ገጽ ቀዳደድኩት። እስኪመሽ ገበያ ለገበያ ዞርኩ።

ስመጣ በር ላይ ቆመሽ ነበር። አይሆንም አሉ አልኩሽ። ለምን ስትዪኝም አልቸገረኝም፤ የአሠሪሽን ጥፋት የሚያሳይ ማስረጃ የለም አሉ አልኩሽ። የመጀመሪያውን የተከሳሽ ክርክሬን ያቀረብኩት በአንቺ ላይ ነው፤ አንቺም አመንሽኝ። «ተሰልፈህ ውለህ ርቦሃል» አልሽና ከሁሉም በፊት ለእኔ አቀረብሽልኝ። በላሁ። ጠግቤም ነበር የተነሳሁት።

አሁን እንደ ባለሙያ ልንገርሽ፣ ቢያንስ ይህን ያህል እዳ አለብኝ። ክዳኑ ተሰብሮ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ነግረሻቸዋል፤ አብራሽ የምትሠራው ሴት ምስክር ነበረች፤ በአሥራ አራተኛው ቀን ነው ያሰናበቱሽ። እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዞ የመጣ ድርጅት ቢኖር እኔ ጠበቃው ሆኜ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ፍርድ ቤት ድረስ እንዳታደርሰው፣ ዛሬውኑ ሂድና ታረቅ ነው የምለው። ትረቺ ነበር እማዬ። ወደ ሥራሽ ትመለሺ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አይሆንም ተብያለሁ እያልሽ አንገትሽን የደፋሽው በከንቱ ነው። ወረቀትሽን ያየ ሰው የለም። ማንም አይሆንም አላለሽም፣ ከእኔ በቀር።

ይህን ካነበብሽ በኋላ «ልጅ ነበርክ» ብለሽ እንዳትጽፊልኝ አደራ። ልጅ ነበርኩ፣ አዎ፤ ጠበቃ ሆኜም አሥራ ስድስት ዓመት ዝም ብያለሁ፤ በዚያ ላይ በችሎት ፊት አላማረረችም ብዬ አስጨብጭቤብሻለሁ። ተቆጪኝ። ድሮ የምትቆጪውን ቁጣ ተቆጪኝ። ካልሆነም ዝም በዪኝ፣ ይገባኛል። ብቻ ከዝምታሽ በፊት ለእህቴ ቃልሽን ስጫት።

ለአማቻችን ለቆጣቢው ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ መብራት አጥፉ እያለ ከክፍል ክፍል መዞሩን ለእኔ ሲል ለአንድ ቀን ይተወው፣ ደብዳቤውን በደንብ አብርተሽ አንብቢ። ለአክስቴ ሰላም በዪልኝ፤ ሬዲዮዋን ቀንሳ እንድትሰማሽ፣ እሷም ያኔ የእኔን ውሸት ሰምታ ከአንቺ ጋር አልቅሳለች። ለኩርፊያ፣ ለእህቴ ልጅ፣ ሁለት ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ባለፈው በስልክ እንደ አጎቴ ጠበቃ ነው የምሆነው ብላኛለች፤ ጠበቃነቱን ትያዝ፣ እንደ አጎቴ የሚለውን ታስቀረው። ለባለሱቋም ሰላም በዪልኝ፣ የድሃ ጠበቃ ማለቷንም እንድትተው ንገሪልኝ። ሲበርድ እጅሽ ይጠዘጥዝሽ እንደሆነ ጻፊልኝ፤ አሁን እየጠየቅኩሽ ነው።

ለእህቴ ደግሞ ይህን ንገሪያት። አቤቱታውን በሁለት ቅጂ ትጻፍ፤ አንዱ ላይ የገባበትን ቀንና ማኅተም አስደርጋ ትያዝ። «በር ላይ ወጣት ፊት ይሻላል» ያላትን ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሳ ቃል በቃል ትጻፈው። በመስኮቱ ጮክ ብለው ቢያነብቡትም ቀና ብላ ትስማ። ወረፋው የቱንም ያህል ቢረዝም ራሷ ትቁም፤ ሰው አትላክ፣ ልጇንም ቢሆን።

ያፈረብሽ፣ አሁን ግን በራሱ ያፈረ ልጅሽ

ከቤቴ፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ
እሑድ ጠዋት፣ ጥር 12 ቀን